ሥዕል ወደ ኮምፒዩተር የገባበት ታሪክ

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ምሳሌውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርሁ ብሆንም፣ ቁም ነገሩ በእርግጥ የገባኝ ዘንድሮ የትምህርት ቤታችንን 60ኛ ዓመት በዓል ምክንያት በማድረግ የሚታተመውን ይህን መጽሔት ስናዘጋጅ ነው። ለእኔ የደረሰኝ የሥራ ድርሻ ከቀድሞ ተማሪዎችና ከወላጆች የሚመጡትን አሮጌ ፎቶግራፎች እየተቀበልሁ በስካነር ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ነበር። ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ቀላል አለመሆኑን ግን አንድ ስሕተት አስተማረኝ። ስለዚህ ለክቡራን አንባብያን በመጀመሪያ ስሕተቴን፣ ቀጥሎም ስሕተቴ ያስጠናኝን ታሪክ በአጭሩ እነግራለሁ።

በጥቅምት ወር አንድ ሽማግሌ ወደ ትምህርት ቤታችን መጡ። በ1962 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን ከጨረሱት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቻችን አንዱ ናቸው። ከኪሳቸው በነጭ መሐረብ የተጠቀለለ፣ ቁመቱ 9፣ ወርዱ 14 ሴንቲሜትር የሚሆን ፎቶግራፍ አወጡ። አርባ ያህል ተማሪዎች በሦስት ረድፍ ቆመዋል፤ በኋለኛው ረድፍ ዳር ደግሞ ሒሳብ ያስተምሯቸው የነበሩት መምህር ይታያሉ።

«ልጄ፣ አደራህን፤ የቀረኝ ይህ አንድ ብቻ ነው። የመምህራችንንም ሌላ ፎቶግራፍ ያለው ሰው እስካሁን አላገኘሁም» አሉኝ።

«አይዞዎት አባባ፣ አሁኑኑ አስገብቼ እመልስልዎታለሁ» አልኋቸው።

በማግሥቱ ጧት በአውቶቡስ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ስለ ነበሩ ቸኮልሁ። ስካነሩ ሥራውን በፍጥነት እንዲጨርስ ብዬ ዝቅተኛውን ልክ መረጥሁ። ፎቶግራፉን በክብር መለስሁላቸው፤ እሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ በኮምፒዩተሩ ውስጥ በነበረው ቀላል የሥዕል ፕሮግራም ከፈትሁና የተቀደደውን ጠርዝ ቈርጬ በዚያው ስም መልሼ አስቀመጥሁት።

ከሳምንት በኋላ የመጽሔቱን ዝግጅት የሚቈጣጠሩት መምህር «ይህስ ሙሉ ገጽ ይገባዋል፤ እስቲ አጕልተህ አሳየኝ» አሉኝ። ሳጐላው ጊዜ የሰዎቹ ፊት ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተለወጠ። የሒሳብ መምህሩማ ዐይናቸው ከአፍንጫቸው አይለይም። ሳላውቀው አደራ በላ ሆንሁ።

ይህ ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት ሥዕል ወደ ኮምፒዩተር እንዴት መግባት እንደ ጀመረ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የታሪክ ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኮምፒዩተር በመሠረቱ ቍጥር እንጂ ሥዕል አያውቅም። በጂኦግራፊ ትምህርት ካርታ አጕልተን ለመሣል ስንፈልግ ዋናውን ካርታ በእርሳስ እንደ ገበጣ ሳይሆን እንደ ሰንጠረዥ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች እንከፍለዋለን፤ ከዚያም እያንዳንዱን ቤት ተራ በተራ እንገለብጣለን። ስካነርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ፎቶግራፉን በዐይን በማይለዩ ቤቶች ከፍሎ በየቤቱ ያለውን ብርሃን ይለካና የልኩን ቍጥር ይጽፋል። እያንዳንዱ ቤት ፒክስል ይባላል። እንግዲህ ሥዕልን ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ማለት ሥዕልን መለካት ማለት ነው። የተለካው ይገባል፤ ያልተለካው ውጭ ይቀራል።

ይህን ሥራ በመጀመሪያ ከሠሩት ሰዎች ስሙ በግንባር ቀደም የሚነሣው አሜሪካዊው ራስል ከርሽ ነው። ከርሽ በአሜሪካ ብሔራዊ የመለኪያዎች መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በ1950 ሥራ የጀመረ ሲያክ የሚባል ኮምፒዩተር ነበረው። በ1957 ከርሽና ባልደረቦቹ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ የተለጠፈን ፎቶግራፍ በብርሃን እየቃኘ ወደ ቍጥር የሚለውጥ መሣሪያ ሠሩ። ከርሽ ለሙከራ የወሰደው የሦስት ወር ሕፃን ልጁን የዋልደንን ፎቶግራፍ ነበር። ሥዕሉ በየጐኑ 5 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ ወርዱ 176፣ ቁመቱም 176 ፒክስል ነበረ፤ ሲባዛ 30,976 ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የኮምፒዩተሩ ማኅደር ሊይዝለት አልቻለም።

መሣሪያው በመጀመሪያ ይለይ የነበረው ጥቍርና ነጭን ብቻ ነው። ግራጫውን ለማግኘት ያንኑ ፎቶግራፍ የብርሃኑን ወሰን እየለዋወጡ ደጋግመው በመቃኘት ውጤቶቹን አንድ ላይ አደረጉ። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። የጐደለውን ግራጫ ለማግኘት የተመለሱት ወደ ፎቶግራፉ እንጂ አስቀድሞ ወደ ገባው ቍጥር አይደለም። ከርሽ በ2020 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ስለዚህ ሥራው ማሰቡን አልተወም። ፒክስልን አራት ማዕዘን ማድረጉ እንደሚጸጽተው ተናግሯል፤ በ2010ም፣ ዕድሜው 80 ካለፈ በኋላ፣ ቅርጹ እንደ ሥዕሉ የሚለዋወጥ ፒክስል እንዴት ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተመ።

ከዚህ በኋላ ሥዕል ከሩቅ አገር ብቻ ሳይሆን ከሌላ ዓለምም መግባት ጀመረ። በሐምሌ 1965 ማሪነር 4 የተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር በማርስ አጠገብ ስታልፍ ፎቶግራፍ አነሣች። እያንዳንዱ ሥዕል ወርዱ 200፣ ቁመቱ 200 ፒክስል ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ፒክስል ብርሃን ከ64 ደረጃዎች በአንዱ ይጻፍ ነበር። የራዲዮው መልእክት እጅግ ዘገምተኛ ስለ ነበረ አንድ ሥዕል ምድር ለመድረስ ስምንት ሰዓት ያህል ይወስድበታል። በካሊፎርንያ ይጠባበቁ የነበሩት መሐንዲሶች ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን አቀናብሮ እስኪያወጣ ድረስ መታገሥ አልቻሉም። በረጃጅም ወረቀት እየታተሙ የሚወጡትን ቍጥሮች ግድግዳ ላይ አያይዘው፣ ለየቍጥሩ ቀለም መድበው፣ እንደ ሕፃናት በጠመኔ ቀለም ቀቡት። ማርስን በቅርብ የሚያሳየው የመጀመሪያው ሥዕል በዚህ ዓይነት በሰው እጅ ተቀለመ። ይህ ታሪክ ሥዕል በኮምፒዩተር ውስጥ ምን እንደሚመስል ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያስረዳል፤ የቍጥር ሰንጠረዥ ነው።

ከበሮውንና ትልቁን መሣሪያ ያስቀረው በ1969 የተገኘው ጥበብ ነው። በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ፣ ሲሲዲ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ቅንጣት ፈለሰፉ። በላዩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በየቤቱ የኤሌክትሪክ ኀይል ሆኖ ይጠራቀማል፤ ያም ተራ በተራ እየተለካ ይወጣል። ሁለቱ ሰዎች በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። በ1975 ደግሞ የኮዳክ ኩባንያ ወጣት መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ይህን ቅንጣት ተጠቅሞ ፊልም የሌለው የእጅ ካሜራ ሠራ። ካሜራው 3 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ አንዱን ሥዕል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር፤ የሚይዘውም 10,000 ፒክስል ብቻ ነው። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ሚሊዮኖችን በቅጽበት ይቀዳል። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ይህ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መለኪያው ነው። የገባውን ሥዕል ተቀብሎ የሚያርመው ፕሮግራምም የራሱ ታሪክ አለው።

በ1973 ሪቻርድ ሹፕ በካሊፎርንያ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሱፐርፔይንት የሚባለውን ሠራ። ይህ መሣሪያ ከቴሌቪዥን ካሜራ አንድን ሥዕል ይዞ በማኅደሩ ያስቀምጣል፤ በላዩም ላይ በ256 ቀለማት መሣል ይቻላል። ነገር ግን ዋጋው ውድ ስለ ነበረ ከምርምር ቤት ወደ ተራው ሰው እጅ አልደረሰም። ለብዙ ሰው የደረሰው በ1984 ከአፕል ኩባንያ ማኪንቶሽ ጋር የወጣው የቢል አትኪንሰን ማክፔይንት ነው። እሱም ቢሆን ጥቍርና ነጭ ነጥብ እንጂ ግራጫ አያውቅም ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ተንደርስካን የሚባል ብልሃተኛ መሣሪያ ወጣ። የማተሚያውን የቀለም ጥብጣብ ያወጡና በቦታው ብርሃን የሚለካ ዐይን ያስገባሉ፤ ፎቶግራፉንም እንደ ባዶ ወረቀት በማተሚያው ላይ ይጠቀልሉታል። ሥዕል ያወጣ የነበረው መኪና ሥዕል አስገቢ ሆነ። በ1985 የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ፔይንት የሚባለውን ቀላል ፕሮግራም ይዞ ወጣ፤ ዛሬም በብዙ ኮምፒዩተር ላይ የምናገኘው የዚያ ዘር ነው።

ከፍ ያለውን ሥራ የሚሠራው የፎቶሾፕ ታሪክ የሚጀምረው በ1987 ነው። በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ይማር የነበረው ቶማስ ኖል ጥቍርና ነጭ ብቻ በሚያሳይ ስክሪን ላይ ግራጫን ለማሳየት አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ጻፈ። ለሲኒማ የዘዴ ሥዕል በሚያዘጋጅ ድርጅት ይሠራ የነበረው ወንድሙ ጆን ኖል ይህን አይቶ አብረው እንዲያሳድጉት ገፋፋው። አባታቸው በቤታቸው ምድር ቤት ፎቶግራፍ የሚያጥቡበት ጨለማ ክፍል ስለ ነበራቸው ልጆቹ የፎቶግራፍን ጥበብ ከዚያው ተምረውታል። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ለሕዝብ የደረሰው በ1989 ባርኒስካን ከሚባል ስካነር ጋር ሲሆን፣ የወጣውም 200 ያህል ቅጂ ነበር። አዶቢ ኩባንያ በራሱ ስም ያወጣው በየካቲት 1990 ነው። እንግዲህ በዓለም የታወቀው የሥዕል ማረሚያ ሥራውን የጀመረው የስካነር ጓደኛ ሆኖ ነው። ሥዕል ካልገባ የሚታረም ነገር የለምና።

ይሁን እንጂ የስካነሩና የፕሮግራሙ ዓይነት በበዛ መጠን ቋንቋቸው ተደበላለቀ። አንድ ፕሮግራም ሠሪ እያንዳንዱን ስካነር ለይቶ ማወቅ ይገባው ነበር። በ1992 ትዌይን የሚባል የጋራ ስምምነት ወጥቶ ማንኛውም ስካነር ከማንኛውም ፕሮግራም ጋር በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገር አደረገ። ሥዕሉ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነትም እንዲሁ ተለያየ። በ1986 የወጣው ቲፍና በ1996 የወጣው ፒኤንጂ የገባውን ልክ ሳይቀንሱ ሊይዙ ይችላሉ። በ1992 ደረጃው የተወሰነው ጄፔግ ግን ፋይሉን ለማሳነስ ሲል ዐይን እምብዛም የማያስተውለውን ነገር ይጥላል፤ ሥዕሉ ታርሞ በተቀመጠ ቍጥርም እንደ ገና ይጥላል። ለመላክ መልካም ነው፤ ለአደራ ግን አይሆንም።

እዚህ ላይ ቀላሉ ፕሮግራም ከከፍተኛው በምን እንደሚለይ መናገር ይገባል። ብዙዎቻችን ልዩነቱ የቀለሙና የብሩሹ ብዛት ይመስለናል። ዋናው ልዩነት ግን የገባውን ሥዕል አያያዝ ነው። በቀላሉ ፕሮግራም የገባው ሥዕል እንደ አንድ ጨርቅ ነው፤ የቀባነው ቀለም ከሥሩ ያለውን ያጠፋዋል፤ የቈረጥነውም ይወድቃል። በ1994 የወጣው ሦስተኛው ፎቶሾፕ ግን ሥዕሎችን በድርብርብ እንድናስቀምጥ ፈቀደ። ይህም በሥዕል ላይ መስተዋት አድርጎ በመስተዋቱ ላይ እንደ መሣል ነው፤ መስተዋቱ ቢነሣ ሥዕሉ እንደ ነበረ ይገኛል። በ1996 በበርክሌይ ይማሩ የነበሩት ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ ጊምፕ የሚባለውን ፕሮግራም ለማንም በነጻ ሰጡ። በ2012 ደግሞ ጊምፕ «ማስቀመጥ»ና «ወደ ሌላ ዓይነት ፋይል ማውጣት» የሚባሉትን ሁለት ትእዛዞች ለየ። ጄፔግ ከፍቶ «አስቀምጥ» የሚል ሰው ከእንግዲህ ሳያስበው ዋናውን አያጠፋም። ብዙ ተጠቃሚዎች በዚህ ለውጥ አጕረምርመው ነበር፤ እኔ ግን ያን ቀን በእጄ የነበረው ይህ ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ከዚህም በላይ አንዳንድ ፕሮግራሞች ዋናውን ጨርሶ አይነኩም። በ2005 የወጣውና ዛሬ የተቋረጠው የአፕል አፐርቸር፣ በ2007ም የወጣው የአዶቢ ላይትሩም፣ የገባውን ፎቶግራፍ እንዳለ ትተው «ይህን ያህል ይብራ፣ ከዚህ ይቈረጥ» የሚለውን መመሪያ ብቻ ለብቻው ይጽፋሉ። መመሪያው ቢሰረዝ ፎቶግራፉ እንደ መጀመሪያው ነው። ከከርሽ ጀምሮ የነበረው ጥረት «እንዴት እናስገባ?» የሚል ሲሆን፣ የኋለኞቹ ሰዎች ጥረት «የገባውን እንዴት እንጠብቅ?» ወደሚለው መድረሱን እናያለን።

ጥንቃቄው ለፎቶግራፍ ብቻ እንዳይመስለን። በ2013 ዴቪድ ክሪዝል የሚባል ጀርመናዊ የኮምፒዩተር ሰው አንዳንድ የዜሮክስ ማባዣ መኪናዎች ሰነድ ሲቃኙ ቍጥሮችን እንደሚለውጡ አጋለጠ። መኪናው ፋይሉን ለማሳነስ ሲል ተመሳሳይ የመሰሉትን ምልክቶች በአንድ ምልክት ይተካ ስለ ነበረ፣ በቤት ፕላን ላይ የተጻፈው የክፍል ስፋት በሌላ ቍጥር ተተክቶ ተገኘ። ወረቀቱ ጥርት ብሎ ስለሚታይ ማንም አልጠረጠረም። የደበዘዘ ነገር ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ጥርት ያለ ውሸት ግን ያሳምናል።

ይህም ወደ ራሴ ጉዳይ ይመልሰኛል። ጓደኞቼ ነገሩን ሲሰሙ «ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የደበዘዘውን ያጠራዋል፤ ምን ያስጨንቅሃል?» አሉኝ። ሞከርነው። በእርግጥም የሒሳብ መምህሩ ፊት ከቅንድብ እስከ ጢም ጥርት ብሎ ወጣ። እኛም ደስ አለን። ፎቶግራፉን ይዘን በአካባቢያችን ወደሚኖሩ፣ መምህሩን በሚገባ ወደሚያውቁ አንዲት እናት ሄድን። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ካዩ በኋላ «መልከ መልካም ሰው ነው፤ ግን እሳቸው አይደሉም» አሉን። ያላስገባነውን ፕሮግራሙ ከየት ያመጣዋል? ከሌሎች ሰዎች ፊት የተማረውን ነው የሰጠን። ሥዕሉን አጠፋነው።

ስሌቱን ኋላ ላይ ሠራሁት። ስካነሩን ያዘዝሁት በአንድ ኢንች 72 ፒክስል እንዲለካ ነበር። በዚህ ልክ 9 በ14 ሴንቲሜትር የሆነው ፎቶግራፍ 255 በ397፣ ማለትም 100,000 ያህል ፒክስል ብቻ ይሰጣል። በፎቶግራፉ ላይ የአንድ ሰው ፊት 4 ሚሊሜትር ያህል ስለ ሆነ ለአንዱ ፊት የደረሰው ወርድ 11 ፒክስል ነው። በ600 ለክቼው ቢሆን ኖሮ ሰባት ሚሊዮን ያህል ፒክስል ይገኝ ነበር፤ ፊቱም 94 ይደርሰው ነበር። የጊዜው ልዩነት የጥቂት ደቂቃ ነው። ሽማግሌው ያን ያህል ለመቀመጥ እምቢ የሚሉ ሰው አልነበሩም።

ስለዚህ በየቤታችሁ በሣጥንና በመጽሐፍ ቅጠል መካከል አሮጌ ፎቶግራፍ ያላችሁ ወላጆች፣ እሱንም ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት የምታስቡ ተማሪዎች ሁሉ፣ ከእኔ ስሕተት ይህን እንድትወስዱ እለምናለሁ። ትንሽ ፎቶግራፍ ሲሆን በ600 ለኩ። በመጀመሪያ የገባውን ፋይል በቲፍ ወይም በፒኤንጂ አስቀምጡና አትንኩት፤ የምትቈርጡትና የምታሳምሩት ቅጂውን ይሁን። ቅጂውንም ቢሆን ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ አኑሩት። የወረቀቱን ፎቶግራፍም «እንግዲህ ገብቷል» ብላችሁ አትጣሉት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ምንጩ ካለ ግን እንደ ገና ይቀዳል።

በዚህ መጽሔት ውስጥ የ1962 ዓ.ም. ተማሪዎች ፎቶግራፍ ከ3 ሴንቲሜትር ተኩል በማይበልጥ ወርድ የታተመው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በላይ ብናጐላው ፊቱ ይፈርሳል። ሽማግሌው ለበዓሉ ቀን ተጠርተዋል፤ በስልክም ነገሩን ሳልደብቅ ነግሬያቸው ይቅርታ ጠይቄያለሁ። «መሐረቡን ይዤ እመጣለሁ» ብለውኛል። ስካነሩ 600 ላይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።